ጋሽ ኑርዬና ስሙ ያልታወቀው አርማ

ጋሽ ኑርዬ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከአሊዩ አምባ በርበሬ ጭኖ ደብረ ብርሃን ገበያ የወጣ ነጋዴ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና፣ "እርስዎ ልብስ ሰፊዋ እማማ ጌጤ አይደሉም?" አለኝ። ነኝ ስለው ሚዛኑን መሬት አስቀመጠ። "ጋሽ ኑርዬ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው" አለ።

በርበሬውን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለቅሶ ልደርስ ቁልቁል ልወርድ ብዬ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እንግዲህ ቁጭ ብዬ ስለ እሳቸው የማውቀውን ከመናገር በቀር ምን አደርጋለሁ? ቁጭ ማለት ግን እሳቸው ጨርሶ የማይሆንላቸው ነገር ነበር።

የተዋወቅነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ በጦርነቱ መጀመሪያ ሞቶብኝ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ጥግ ላይ የወታደሩንም የባላገሩንም የተቀደደ ልብስ እሰፋ፣ የረገፈ ቁልፍ እተክል ነበር። ጋሽ ኑርዬ ከጎኔ መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና መስታወት ይሸጣሉ። ቁልፎቹን በሰፌድ ላይ ዘርግተው፣ እሳቸው ከሰፌዱ ጀርባ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሲሸጡ ቆመው ነው፣ ሲበሉ ቆመው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጆሯቸው ያዘነበለ ሰው ነበሩ።

"ጋሼ፣ ምነው ትንሽ አረፍ ቢሉ?" ብላቸው፣

"አረፍ ስል የሚያልፈኝን ማን ያየዋል?" አሉኝ።

የሚያልፋቸው ነገር እንዳይኖር የሚፈልጉት አንድ ፍቅር ስለነበረባቸው ነው። ምልክት ይሰበስባሉ። በወጣትነታቸው አንድ እንግዳ አገር ሰው በአሊዩ አምባ ሲያልፍ ከካፖርቱ የወደቀች የናስ ቁልፍ አግኝተው፣ በላይዋ የተቀረጸውን አንበሳ ሲያዩ እንደ ተለከፉ ይናገራሉ። ከዚያ ወዲህ ማኅተም ይሁን፣ የቆብ ምልክት ይሁን፣ የአንገትጌ ኮከብ ይሁን፣ ካገኙ አይለቁም። አዲስ ነገር እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ ያሸቱታል፤ ቀጥሎ በጥርሳቸው ነከስ ያደርጉታል፤ በጥፍራቸው ጀርባውን ይፍቁታል፤ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። "አጂብ!" ይላሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው የልጅ ፊት ይሆናል። ያላወቁት ነገር ከመጣ ግን ወዮላቸው! አይበሉም፣ አይተኙም። "ስሙን ያልነገረ እንግዳ እንዴት ቤቴ ያድራል?" ይሉ ነበር።

ወታደሮቹ ለትንባሆና ለመስታወት ሲሉ የማይሰጧቸው የለም። ጣሊያን ይህን ቢያውቅ ግን አይወድም። ስለዚህ የበቅሏቸውን ጀርባ የሚያለብሰውን ግላስ ድርብ አድርጌ ሰፋሁላቸው። አዲስ ምልክት ባገኙ ቁጥር ስፌቱን ጥቂት ፈትቼ፣ ምልክቱን በሁለቱ ጨርቅ መሐል በክር አስሬ፣ መልሼ እሰፋለሁ። በቅሏ ሀብታቸውን ሁሉ በጀርባዋ ተሸክማ ትዞር ነበር።

ወንድሜ ደምሴ ከአንኮበር በታች ባለው ገደል ከአርበኞች ጋር ነበር። ጋሽ ኑርዬ አንድ ምልክት አይተው የትኛው ጭፍራ እንደ መጣ፣ ተዋጊ ይሁን መንገድ ሠሪ፣ ተራራ የለመደ ይሁን ያልለመደ እንደሚለዩ ስነግረው ዓይኑ በራ። "ሰውዬውን አምጪልን" አለኝ። ጠየቅኳቸው። ተቆጡ።

"እኔ ሰብሳቢ ነኝ እንጂ ሰላይ አይደለሁም! ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

አላነሣሁም። ከጊዜ በኋላ ግን ጣሊያን የአሊዩ አምባ ጎረቤታቸውን፣ ለሽፍታ ጨው ሸጠሃል ብሎ፣ ገበያ መሐል ሰቀለው። ጋሽ ኑርዬ ከቀብር ሲመለሱ ሰፌዳቸውን ሳይዘረጉ አጠገቤ ቆሙ። "ጌጤ፣ ወንድምሽ ያንን ነገር አሁንም ይፈልጋል?" አሉኝ። በዚህ ተጀመረ። የሚያዩትን ይነግሩኛል፤ እኔ ለደምሴ አደርሳለሁ። ቃላቸው አንድም ጊዜ መሬት አልወደቀም።

አንድ ቅዳሜ ደምሴ እንጨት ሻጭ መስሎ ገበያ መጣ። ሸክሙን ፊቴ አወረደና የሚጠገን አሮጌ ኩታ ሰጠኝ። በኩታው ጫፍ የታሰረ ነገር ነበር።

"ከአንኮበር ነው" አለ በለሆሳስ። "ጣሊያን እንዲህ ያለውን ሣጥን ሙሉ ሲያራግፍ የእኛ ሰው አይቶ አንዱን ሰረቀ። አዲስ ጦር እዚያ አለ ይባላል። ማክሰኞ ሸራ በለበሱ ካሚዮኖች ወደ ደብረ ብርሃን ይመጣሉ። አለቃችን ግራዝማቹ ቦታ ይዟል። የማን ጦር እንደሆነ ንገሩን። መልስ ባይመጣም እንመታለን።"

ሲሄድ ለጋሽ ኑርዬ ሰጠኋቸው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ፊቷ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አርማ ናት። በመሐሏ ጣሊያን በየደጁ የሚለጥፈው የታሰረ እንጨትና መጥረቢያ አለ፤ ከጀርባዋ መርፌ አላት። አሸተቷት። ነከሷት። ፋቋት። ድንጋዩ ላይ ጣሏት። "አጂብ" አላሉም። ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"አላውቃትም" አሉኝ። እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

እሑድ ወታደሮቹ ከሰፈራቸው ወጥተው በከተማው የሚንሸራሸሩበት ቀን ነው። ጋሽ ኑርዬ አርማዋን በሰፌዱ ላይ ከቁልፎቹ ጋር ደባልቀው ዘረጓት። "ያውቁብሃል ጋሼ! ይሰቅሉሃል!" ብዬ ማክበሬንም ረስቼ ጮህኩባቸው። "ዓይናቸውን ነው የማየው" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ እየተንቆራጠጡ የወታደሩን ዓይን ሲጠብቁ ዋሉ። የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ አስካሪው፣ አይቶ ያልፋል። ባንዳው አይቶ ያልፋል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ጣሊያን ቁልፍ ሊመርጥ ጎንበስ አለ። አርማዋን አነሣት። እኔ በመርፌዬ ጣቴን ወጋሁ።

ጣሊያኑ ሳቀ። ደረቱ ላይ አድርጎ ለጓደኛው አሳየው፤ ሁለቱም ሳቁ። አንድ ዜማ እያንጎራጎረ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን ከፍ ከፍ አድርጎ ጥቂት ተራመደ። ከዚያም አርማዋን ሰፌዱ ላይ ወርውሮ እየሳቀ ሄደ።

ጋሽ ኑርዬ ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቆምም አቃታቸው። "ለምን ሳቀ? ወታደር የወታደርን ምልክት አይቶ ይስቃል? ከሬሳ ላይ የተገፈፈ ሊሆን የሚችል ነገር አይቶ ይስቃል? ለምን ሳቀ ጌጤ?" እያሉ እስኪመሽ ድረስ በፊቴ ተመላለሱ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ወታደር ካፖርቱን ለጥገና ትቶልኝ ነበር። ጋሽ ኑርዬ ድንገት ካፖርቱን ከእጄ ነጠቁና የአርማዋን መርፌ ደረቱ ላይ ሰኩት። መርፌው ከወፍራሙ ሱፍ ሳይወጣ ቀረ። ደግመው ሞከሩ። አልወጣም። ከዚያ የእኔን ቀሚስ ጫፍ ያዙና ሰኩ፤ በቀላሉ ወጣ።

"ይህ መርፌ ካፖርት አይይዝም። ስስ ሸሚዝ ነው የሚይዘው" አሉ። "በዚህ የደጋ ብርድ ካፖርት የሌለው የምን ጦር ነው?"

እኔም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። "የጦር ሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ አያሌው፣ ሸሚዝ ስፋ ተብዬ ዓይኔ ጠፋ እያለ ሲያማርር ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

አያሌውን ማታ ከሥራ ሲወጣ መንገድ ላይ ጠበቅነው። የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ ደክሞት ስለነበር ማማረሪያ በማግኘቱ ደስ አለው። "አዎ፣ ለአንኮበር ነው። የሚገርመውን ልንገራችሁ፣ አንገታቸው ይህን ታክላለች" ብሎ የሁለት እጁን ጣቶች ገጥሞ ክብ ሠራ። ከክቡ ውስጥ የእኔ ክንድ እንኳ በግድ ነው የሚያልፈው።

"የልጅ አንገት ነው" አልኩ።

"ልጆች ናቸዋ! አባት እናት የሞተባቸውንም፣ ያልሞተባቸውንም ሰብስበዋል። በአገራቸው ልጁን ሁሉ በማኅበር አስገብተው፣ ሸሚዝ አልብሰው፣ አርማ ሰክተው፣ እያዘመሩ ያሰልፉታል። እዚህም ሊጀምሩ ነው። ነገ ትልቅ ሹም ይመጣልና፣ በካሚዮን አምጥተው ፊቱ ሊያሰልፏቸው ነው።"

ጋሽ ኑርዬ አመስግነው አሰናበቱት። አያሌው ከታጠፈ በኋላ እጃቸውን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርገው ቆሙ። "ያ ረቢ" አሉ። "ያ ረቢ። ወንድምሽ የሚጠብቀው እነሱን ነው።"

ከመሸ ከከተማ መውጣት አይቻልም፤ የወጣ ይተኮስበታል። ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ጎህ ሲቀድ በበቅሏቸው እኔን አስቀምጠው፣ እሳቸው ልጓሙን ይዘው እየሮጡ ነበር ማለት እችላለሁ። እኔ ብቻዬን ብሄድ ግራዝማቹ በእኔ ቃል አይመለስም፤ እሳቸው ብቻቸውን ቢሄዱ የአርበኞቹ ጠባቂዎች ሳያስጠጉ ይተኩሱባቸዋል። ሁለታችንም የግድ ነበርን።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ባንዳዎች አስቆሙን።

"ወዴት ነው?"

"አንኮበር። ሠርግ አለብን። ይህች ሙሽራ የምታለብስ ልብስ ሰፊ ናት" አሉ ጋሽ ኑርዬ።

ባንዳው በቅሏን ዞሮ አያት። እጁን ግላሱ ላይ አሳረፈ። "ይህ ግላስ ያምራል" አለ። "ለእኔ በቅሎ ይሆናል።"

እምቢ ብንል ይጠረጥራል፤ ብንከራከር ሰዓቱ ያልፋል። ጋሽ ኑርዬ ሳቅ አሉ። "ለአንተ በቅሎማ ሲያንሳት ነው፣ ወንድሜ። ጌጤ፣ ውረጂ" አሉኝ። በገዛ እጃቸው መቀነቻውን ፈቱ። ግላሱን ስፌቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጣጠፉት፣ እንዳይንኳኳ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት፣ ከዚያ ሰጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበር። ስፌቱ ከተፈታ ደግሞ ተከትለው እንደሚመጡባቸው ያውቃሉ።

ከኬላው ስንርቅ ላጽናናቸው አፌን ከፈትኩ። "ወደ ኋላ አትዪ" አሉኝ። "ፈጠን በይ።"

የደጋው ተክል ጅብራ ከበዛበት አምባ ስንደርስ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ጠባቂዎቹ ድምፄን ለይተው አሳለፉን። ደምሴ ከድንጋይ ጀርባ ብቅ ሲል አላቀፍኩትም፤ "እንዳትተኩሱ!" ነው ያልኩት። ግራዝማቹ መጣ። አጭር፣ ጥቁር፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰው ነው። ጋሽ ኑርዬ አርማዋን አሳዩት። መርፌውን፣ የጣሊያኑን ሳቅ፣ የሸሚዙን አንገት ነገሩት። ግራዝማቹ እስከ መጨረሻው ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

"ሰዎቼ በዚህ ብርድ ሁለት ቀን ተኝተዋል። አንተ ነጋዴ ነህ። ጣሊያን መስጊድ እየሠራላችሁ ነው። ማን ልኮህ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ደምሴ ሊናገር ሲል ጋሽ ኑርዬ በእጃቸው ከለከሉት።

"መስጊዱን ሠርቷል" አሉ። "ጎረቤቴንም ሰቅሏል። ግራዝማች፣ አትመነኝ። እኔ ከመንገዱ ላይ እቆማለሁ። ጭነት የወደቀበት ነጋዴ መስዬ ፊተኛውን ካሚዮን አስቆማለሁ፤ ሸራውን ገልጬ አያለሁ። ወታደር ከሆነ ጥምጣሜን ከራሴ አወርዳለሁ። ያን ጊዜ ተኩሱ።"

"አንተስ?"

"እኔ እዚያው ነኝ።"

ግራዝማቹ እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ።

እኔ ከደምሴ አጠገብ በደረቴ ተኛሁ። ጉሙ ገለጥ ሲል ጋሽ ኑርዬ ታች መንገዱ ላይ፣ በቅሏን አግድም አቁመው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታዩኛል፤ ሲከደን ይጠፋሉ። የካሚዮኖቹ ድምፅ ከመታየታቸው በፊት መጣ። ፊተኛው ጥሩንባውን ነፋ። ቆመ። ነጂው ጮኸ። ጋሽ ኑርዬ እጅ እየነሱ፣ እየለመኑ፣ ወደ ካሚዮኑ ኋላ ዞሩ። ሸራውን ገለጡ።

ከውስጥ ያለው ከእኛ ቦታ አይታይም። የሚታዩን እሳቸው ብቻ ናቸው። ቆመው ቀሩ። ያ ለአፍታ እንኳ የማይረጋ ሰው እንደ ድንጋይ ቆመ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወደ ጥምጣማቸው ሄደ፣ ጫፉን ያዘ።

ደምሴ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሲያጠብቅ ሰማሁ። ክንዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። "ቆይ! ቆይ!" አልኩ። ግራዝማቹ እጁን አንሥቷል፤ ሰዎቹ ሁሉ የሚያዩት ያንን እጅ ነው።

የጋሽ ኑርዬ እጅ ግንባራቸው ላይ ቆመ። ጣታቸው የጥምጣሙን ጫፍ ለቀቀ። በጥድፊያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና ወደ ካሚዮኑ ውስጥ ወረወሩት፤ ሸራውን ለቀቁ፤ በቅሏን ጎትተው ከመንገድ ወጡ። ካሚዮኖቹ ተነሡ። ከበታችን ሲያልፉ ንፋሱ የኋለኛውን ሸራ ጫፍ አነሣው። በስስ ሸሚዝ፣ አንገታቸው ላይ መሀረብ የታሰረ፣ ተጣብቀው የተቀመጡ ሕፃናት አየን። ብርድ እንደ መታው ጫጩት ነበሩ።

ግራዝማቹ እጁን በቀስታ አወረደ፣ ባለበት ቁጭ አለ። "ያንን ሰው ወደ ላይ አምጡት፣ ብርድ ይገድለዋል" አለና የራሱን በርኖስ ለደምሴ ሰጠው።

ስንመለስ ጋሽ ኑርዬ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ከጫፍ የተቀመጠው ልጅ ጆሮው አመድ መስሏል" አሉኝ። "ጥምጣሜን ላስርለት ብዬ ነው። ወላሂ፣ ምልክቱን ረስቼው ነበር ጌጤ። ረስቼው ነበር።" ይህን ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ድረስ ደጋገሙት።

ይሽሹ ብላቸው አልሸሹም። "ብሸሽ ግላሱን ማን ሰፋው ብለው ይጠይቃሉ" አሉኝ። በሳምንቱ ውስጥ ባንዳው ግላሱን ሲያጥብ ስፌቱ ተፈታ። ሰፌዳቸው ፊት ያዟቸው። ቁልፎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ይህን ሁሉ ለምን ሰበሰብክ ሲሏቸው፣ "ስለምወደው" አሉ። እውነት ነበር፤ ማንም አላመናቸውም። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ታሰሩ። ስፌቱ ሁሉ የእኔ እጅ ነበር፤ ስሜን ግን አልጠሩም። ሲፈቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር።

ከነፃነት በኋላ አንድ ጊዜ አሊዩ አምባ ወርጄ ጠየቅኋቸው። ልጆቻቸው አድገው ሱቅ ከፍተዋል። የሰዉን ሁሉ ወሬ ጠየቁኝ፤ ደምሴን፣ አያሌውን፣ ግራዝማቹን። አሁንም ይሰብስቡ እንደሆን ስጠይቃቸው "ተውኩት" አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ልጃቸው ሻይ አቀረበችልን። ጋሽ ኑርዬ ስኒውን በግራ እጃቸው ይዘው ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳሉ።

"ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?" አልኳቸው።

"ያ ልጅ" አሉ። "ጋቢውን እሱ ለብሶት ይሆን? ወይስ ትልልቆቹ ቀሙት? ወይስ ነጂው ወሰደው? አየሽ፣ ወርውሬ ሸራውን ለቀቅሁት። ማን እንደ ያዘው ሳላይ ለቀቅሁት።"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል።"

"አውቃለሁ" አሉ፤ ስኒውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። "ያን ቀን ግን በርዶት ነበር።"